ከጭቃ ምርጊት እስከ ሲሊኮን፦ የአራዳ ስንጥቆች ታሪክ

የሕንፃ ታሪክ ሲጻፍ ዓይን የሚያርፈው ግንቡ፣ ጣሪያውና በሩ ላይ ነው። ግድግዳው ከጣሪያው፣ መቃኑ ከግድግዳው፣ መስታወቱ ከፍሬሙ የሚገናኝበትን ቀጭን መስመር ከቁም ነገር ቆጥሮ የሚያነሳ ጸሐፊ ጥቂት ነው። ውኃው የሚሰርገው፣ ብርዱ የሚገባው፣ አይጡም የሚሾልከው ግን በዚያው መስመር ነው፤ ቤት ማርጀት የሚጀምረውም ከዚያው ነው። ይህ ቅኝት የአዲስ አበባን አሮጌ እምብርት፣ አራዳንና ፒያሳን፣ በመጋጠሚያዎቿ በኩል ይመለከታል። ክፍተት የሚደፈንበት ነገር በአንድ መቶ አርባ ዓመት ገደማ ከጭቃ ተነስቶ ሲሊኮን ደርሷል። ከዚህ ይልቅ የሚገርመው ግን ሥራው ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት መንገድ ነው፤ መጀመሪያ የባለቤቱ ነበረ፣ ከዚያ የባለሙያው ሆነ፣ ቀጥሎ ባለቤት አጣ፣ ዛሬ ደግሞ የጋራ ሆኖ ማን ይሥራው የሚል ክርክር ይዞ መጥቷል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአራዳ ርቆ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዘመን ገደማ የተሠራው የየሓ ቤተ መቅደስ ድንጋዮቹ ያለ አንዳች ማያያዣ የተደረደሩ ናቸው፤ ክፍተቱን የደፈነው የጠራቢው እጅ ትክክለኛነት ነው። አክሱማውያን በኋላ ድንጋይን ከእንጨት እያፈራረቁ በጭቃ አያይዘው ገነቡ፤ የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን የዚያን ስልት መልክ ይዞ ቆይቷል። ላሊበላ ላይ ጥያቄው ከነጭራሹ ቀረ፤ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ሕንፃ መጋጠሚያ የለውማ! ሆኖም ዝናብና ዘመን ለአለቱም ስንጥቅ አላጡለትም፤ በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የተዘረጉት ግዙፍ መጠለያዎች ይህንኑ ይናገራሉ። ከዚያ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ኖራ የማቃጠልና የማቡካት ጥበብ ከሕንድ በመጡ ግንበኞች በኩል ተስፋፋ፤ የጎንደር አብያተ መንግሥት ድንጋዮች በዚያ ኖራ ተጣበቁ። እንግዲህ ከጥርብ ድንጋይ ወደ ጭቃ፣ ከጭቃ ወደ ኖራ የሄደው ይህ መስመር የቤተ መንግሥቱና የቤተ ክህነቱ መስመር ነው።

ከሱ ጎን ለጎን ደግሞ ጸሐፌ ትእዛዝ ያልመዘገበው፣ ግን በስፋቱም በዕድሜውም የሚበልጥ የጓዳ ጥበብ ነበር። ጠላ የተጠነሰሰበት ጋን አፉ በጭቃ ይመረጋል። አረቄ ሲወጣ እሳት ላይ የተጣደው እንስራ ከመቃው፣ መቃው ከመቀበያው የሚገናኝበት ቦታ በሊጥ ወይም በጭቃ ይታተማል፤ እዚያ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከቀረች የአረቄ አውጪዋ ትርፍ በእንፋሎት መልክ ጣሪያ ላይ ይቀራል። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ይሟሻል፤ የሸክላው ዓይነ ደቃቅ ቀዳዳ በዘይት ተሞልቶ እንጀራው እንዳይዝ ያደርጋል። አክንባሎው ሲደፋ ዙሪያው በእርጥብ ጨርቅ ይያዛል። ወለል በእበት ይለቀለቃል። እነዚህ ሁሉ የሚጋሩት ጠባይ አለ፦ መድፈኛው ከደጅ የሚገኝ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ዘላለም እንዲኖርም አይጠበቅም። ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ይፈነቀላል፣ ሌላ ይመረጋል። የአራዳ ቤቶች ይህንን ጠባይ ወርሰው ነው የተነሱት።

የባሕር ዳር አገሮች ግን በዚህ ነገር ሌላ ታሪክ አላቸው። የእንጨት መርከብ በሳንቃዎቹ መካከል ጭረት እየተጠቀጠቀ በላዩ ቅጥራን ካልፈሰሰበት አይንሳፈፍም፤ የኖኅን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ቅጥራን በውስጥም በውጭም መቀባቱን አይረሳውም። በአውሮፓና በአሜሪካ ወደቦች ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር፤ የጥቁሮች ነፃነት ታጋይ የነበረው ፍሬድሪክ ዳግላስ በባልቲሞር የመርከብ መሥሪያዎች ውስጥ የተማረው ይህንኑ ሥራ ነው። የእኛ የጣና ታንኳ ተቃራኒውን መረጠች። የደንገል እስሮች ውኃ ያስገባሉ፣ ታንኳዋ ግን ትንሳፈፋለች፤ ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለሆነ መድፈን አያሻትም። ኋላ ላይ መርከቦች በወደቦች ያራገፉት ቆርቆሮ፣ ምስማርና መስታወት የአራዳን ጣሪያና መስኮት ይለውጣሉ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከቤተ መንግሥቱ ግቢ በቀር የድንኳንና የጎጆ ሰፈር ነበረች። ጎጆ አንድ ዋና ደካማ ቦታ አለው፦ ሣሩ ከየአቅጣጫው መጥቶ የሚገናኝበት አናቱ። ለዚያ የተገኘው መፍትሔ ጉልላት ነው፤ የሸክላ ዕቃ በአናቱ ላይ ይደፋና ዝናቡን ይመልሳል። ከዓድዋ ድል በኋላ ንግዱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዙሪያ ሲደራ፣ የአራዳ ገበያም የከተማዋ ልብ ሲሆን፣ ጎጆ ብቻውን አልበቃም። ዛፉም አልቆ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ የደረሱት በእንጨት እጦት ነው። ባሕር ዛፍ ያንን ችግር ፈታ፤ ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ቀጥ ያለም ነው። የአዲስ አበባ ጭቃ ቤት የባሕር ዛፍ ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው፤ የአራዳ ታሪክ ግማሹ እዚህ ውስጥ ነውና። እንጨቶቹ ተጠጋግተው ይተከላሉ፣ በውስጥም በውጭም ማገር ይመታባቸዋል። አፈሩ ከጤፍ ጭድና ከውኃ ጋር ተደባልቆ በእግር እየተረገጠ ለቀናት ይቦካል። በቅጡ ያልቦካ ጭቃ ግድግዳ ላይ እንደማይቆይ ማንኛውም መራጊ ያውቀዋል። የመጀመሪያው ምርጊት ወፍራምና ሸካራ ነው፤ ሥራው በእንጨቶቹ መካከል ያለውን ባዶ መሙላት ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ይህ ይጠበቃል፣ ይፈለጋልም፤ ንቃቃቱ ለሁለተኛው ምርጊት መያዣ ይሆነዋል። ሁለተኛው በተነፋ አፈርና በደቃቅ ጭድ፣ አንዳንዴም በእበት የተዘጋጀ ነው፤ እጅ እየተመላለሰበት ይለሰልሳል፣ ኖራ ይቀባል። ጭዱ ጭቃውን እንደ ክር ስለሚይዘው ስንጥቁ ትልቅ እንዳይሆን ይገታዋል። ችግሩ እንጨቱ ነው። ባሕር ዛፍ ብዙውን ጊዜ በእርጥቡ ይተከላል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ከጭቃው ይላቀቃል፣ በየእንጨቱ ጎን ወረቀት የምታሳልፍ ክፍተት ትፈጠራለች። ስለዚህ የጭቃ ቤት በየዓመቱ እጅ ይፈልጋል። ክረምቱ ሲወጣ ወጨፎ የበላው ግድግዳ ይታያል፣ ጭቃ ይቦካል፣ ይለቀለቃል። ገጠር ቢሆን ደቦ ይጠራ ነበር፤ አራዳ ላይ የቀን ሠራተኛ ይቀጠራል፣ ወይም የቤቱ እመቤት ልጆቿን አሰልፋ ራሷ ትሠራዋለች። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው።

ሁለተኛው ዘመን የቆርቆሮው ነው። ቆርቆሮ አስቀድሞ በግመልና በበቅሎ ጥቂት በጥቂት ገብቶ ነበር፤ የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ግን በገፍ መጣ። ሣር በእሳት ይያያዛል፣ በየጊዜውም መታደስ ይፈልጋል፤ ቆርቆሮ ከሁለቱም አዳነ። በምትኩ ከተማዋ ከዚያ በፊት የማታውቀውን ዓይነት መጋጠሚያ አመጣ። ጭቃና እንጨት ቢለያዩም ቀስ ብለው ነው፤ ብረት ግን በየቀኑ ይንቀሳቀሳል። ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ባለች ከተማ የቀኑ ፀሐይ ቆርቆሮውን ይለጥጠዋል፣ የሌሊቱ ቁር ይሰበስበዋል፤ ምስማሩም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይነቃነቃል። የድሮ አናጢዎች ምስማሩን በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ላይ የማይመቱት ለዚህ ነው፤ ቀዳዳው ቢሰፋ እንኳ ውኃው በጎኑ ያልፋል። ያም ሆኖ የአራዳ ሰው ክረምትን በባልዲና በሳፋ ድምፅ የለመደው ከዚህ ዘመን ወዲህ ነው።

በዚሁ ጊዜ የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ግንበኞችና አናጢዎች አራዳን ቀየሷት። የታችኛው ፎቅ ድንጋይ፣ የላይኛው እንጨት፣ ዙሪያውን በረንዳ፣ መስኮቱ መስታወት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት የሰፈሩ መለያ ሆነ። በ1890ዎቹ መጨረሻ የተሠራው እቴጌ ሆቴል የዚህ ቤተሰብ ታላቅ ነው፤ በ1900 ዓ.ም. የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ቤትም እዚሁ ይመደባል። ስምንት ማዕዘን ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በድንጋይ ሲነሳም የውጭና የአገር ውስጥ እጅ አብሮ ሠርቷል። በነዚህ ቤቶች ድንጋይ ከእንጨት፣ እንጨት ከመስታወት፣ እንጨት ከብረት ይጋጠማል፤ እያንዳንዱ ጋብቻ የራሱን መድፈኛ ይፈልጋል። ጭቃ መስታወት አይዝም፤ ኖራ ከሚንቀሳቀስ እንጨት ጋር አይኖርም። ስለዚህ በዘይትና በጠመኔ ዱቄት የሚለወስ የመስታወት ስቱኮ፣ በዘይት ቀለም የሚዘጋ የሳንቃ መጋጠሚያ፣ ለአሸንዳ ብየዳ የሚሆን ቆርቆሮ ሠሪ አስፈለጉ። መድፈኑ ከቤቱ እመቤት እጅ ወጥቶ የሠራተኛ ሰፈር ባለሙያና የሱቅ ሰው ሥራ የሆነው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ ወዲህ መጋጠሚያ ዋጋ አለው፣ ባለሙያም አለው።

ጣሊያን በወረረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ይህ ጉዞ በግድ ተፋጠነ። የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ መርካቶ ተወለደ፤ አሮጌው እምብርት ፒያሳ ተባለ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት ጋር የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም ተቃጠለ። ሲሚንቶ በብዛት የገባው በዚህ ጊዜ ነው፤ ድሬዳዋ ላይም የሲሚንቶ ፋብሪካ ተተከለ። የፒያሳ ለሳኝና ቀለም ቀቢ ዛሬም ጄሶ፣ ስቱኮ፣ ሊሾ፣ አርማታ፣ ኮርኒስ ሲል የሚናገረው በዚያ ዘመን አፍ ነው። ሲሚንቶ ግን ለጭቃ ቤት ክፉ መድኃኒት ሆነ። ጠንካራ ነው፣ አይለጠጥም፣ እርጥበትም አያስተነፍስም፤ በጭቃ ላይ ሲለሰን ከውስጥ የታመቀው እርጥበት እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ልስኑም እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ይወድቃል። ይህን ስሕተት ከተማዋ ለአሥርት ዓመታት ደጋግማ ሠርታዋለች፤ ዛሬም ትሠራዋለች።

ከነፃነት በኋላ ያሉት ሠላሳ ዓመታት በዚህ ታሪክ ፈጣኖቹ ናቸው፤ ባጭሩ ማለፍ ይቻላል። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም.፣ የዚሁ ሰው ሥራ የሆነው የከተማው ማዘጋጃ ቤትም በ1957 ዓ.ም. አካባቢ ከቸርችል ጎዳና አናት ላይ ቆመ። በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል በመጋጠሚያ ጥበብ ከአገሪቱ ሥራዎች ሁሉ የሚመደበው ከፊተኞቹ ነው፤ የየቁራጩ ወሰን ራሱ የሥዕሉ መስመር ሆኗል። ግዙፍ የአርማታ ሕንፃ ደግሞ አዲስ ሐሳብ አመጣ፦ ክፍተት ሆን ተብሎ ይተዋል። ሕንፃው በሙቀትና በቅዝቃዜ እንዲለጠጥና እንዲሰበሰብ መሐንዲሱ መስመር ይተውለትና በሚለጠጥ ነገር ይሞላዋል። ከየሓ ጀምሮ ግንበኛ ሲሸሸው የኖረው ክፍተት በሕንፃው ንድፍ ላይ ተለክቶ ገባ።

እስካሁን ያየነውን ብንጠቀልለው፣ የአራዳ ባለቤት መጀመሪያ ራሱ መረገ፣ ቀጥሎ ከፍሎ አስደፈነ፣ በመጨረሻም ለመሐንዲስ አስረከበ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ግን ታሪኩ ዘወር አለ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ፣ ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሆኑ። ኪራዩም ቀነሰ። አዋጁ ለብዙ ድሃ ተከራይ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በአነስተኛ ኪራይ የሚተዳደር ቀበሌ ለጥገና የሚተርፈው ገንዘብ አልነበረውም። ተከራዩ ደግሞ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ይፈራል፤ ቢደፍርም ፈቃድ ይጠየቃል። ስንጥቁ የማንም ሳይሆን ቀረ።

የማንም ያልሆነ ስንጥቅ ግን ዝናብ ያስገባል፤ ስለዚህ የአራዳ ሰው ባገኘው ነገር ደፈነው። በውቤ በረሃ፣ በሠራተኛ ሰፈር፣ በዶሮ ማነቂያ፣ በእሪ በከንቱ ያሉ ጣሪያዎችን ከሰባ ደረጃ ወይም ከአንድ ፎቅ ላይ ሆኖ ያየ ሰው ይህን የጥገና ዘመን በግልጽ ያነበው ነበር። ቀዳዳ ላይ በጨርቅ ተለውሶ የተቀባ ሬንጅ፣ በሬንጁ ላይ ላስቲክ፣ ላስቲኩን ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይና አሮጌ ጎማ። ሁለት ቤቶች በሚጋሩት አሸንዳ የተነሳ ጎረቤት ከጎረቤት ይኳረፋል፣ ቡና ላይ ይታረቃል፣ ሐምሌ ሲመጣ እንደገና ይኳረፋል። ውስጡ ሲገባ ኮርኒሱ አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ጋዜጣ። በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ ጋዜጣ ንቃቃቱን ይሸፍናል፣ ብርዱን ይቀንሳል፣ የጭቃውን አቧራ ይይዛል። ሲቆሽሽ በላዩ ሌላ ይለጠፋል። ቤቱ ሲፈርስ ሉክ በሉክ ቢገለጥ ከታች የንጉሡ ዘመን ዜና፣ ከላዩ የአብዮቱ መፈክር፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ቀለም ያለው የስፖርት ጋዜጣ ሊገኝ ይችላል። ስንቱ የአራዳ ልጅ ፊደል የቆጠረው ከአልጋው ራስጌ ካለው ግድግዳ ነው! በእኔ ግምት ከቀደሙት ዘመናት ሁሉ ይህኛው ብልሃት የበዛበት ነው፤ የበዛው ግን ሌላ አማራጭ ስላልነበረ ነው፤ ሳል ያልለቀቀው ሕፃንና በእርጥበት ያበጠ ፍራሽም የዚሁ ታሪክ ክፍል ናቸው።

ሙገር ሲሚንቶ በ1976 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ፣ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህም የግል ግንባታ መከፈቱ ቀጣዩን ምዕራፍ አዘጋጀ። አሉሚኒየምና መስታወት የፒያሳን ሱቆች ፊት ለበሱ፤ የወርቅ ቤቶቹ መደርደሪያ ሳይቀር በሲሊኮን ተጣበቀ። ሲሊኮን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለገበያ የበቃ ነገር ነው፤ ብርታቱም ከጠንካሮቹ ሲሚንቶና ስቱኮ ተቃራኒ ነው፤ ይለጠጣል፣ ይመለሳል፣ ፀሐይ አይሰብረውም። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፦ ገጣሚው የቱቦውን አፍ በሰያፍ ይቆርጣል፣ በመግፊያው እየጨመቀ መስመሩን ይሞላል፣ በሳሙና ውኃ ባራሰው ጣቱ አንድ ጊዜ ይስበዋል። ግን ቦታው አቧራ ወይም እርጥበት ካለው አይዝም፤ አዲስ አበባ ደግሞ በበጋ አቧራ፣ በክረምት እርጥበት አታጣም። ጭቃ ስንጥቁን ከሩቅ ያሳያል፤ ሲሊኮን ግን ሲላቀቅ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ሆኖ እዚያው ይቀመጣል፣ ባለቤቱም የሚያውቀው ውኃው ወለሉ ላይ ሲታይ ነው።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የመጣው ኮንዶሚኒየም ደግሞ የባለቤትነቱን ጥያቄ በአዲስ መልክ አነሳው። አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤቱን ውስጥ ለግለሰብ፣ ጣሪያውን፣ ደረጃውንና የመሳሰለውን ለጋራ አደረገ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው መታጠቢያ ቤት ሲያፈስ ጉዳቱ የሚታየው ሁለተኛ ፎቅ ኮርኒስ ላይ ነው፤ የሚጎዳውና መጠገን ያለበት ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ወለል የማን ነው? ኮሚቴ የተባለ ሁሉ በዚህ ጥያቄ ላይ ተሰብስቧል። በመንግሥት ቤት ባለቤት ያልነበረው ስንጥቅ አሁን ሁለትና ሦስት ባለቤት አገኘ፤ ማንም ግን ቀድሞ ኪሱ አይገባም።

ፒያሳ ራሷ በዚህ መካከል መልኳን ለወጠች። ጥር 2007 ዓ.ም. እቴጌ ሆቴል ላይ የተነሳው እሳት የእንጨት ክፍሎቹን በላ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ተመረቀ፤ በቀጣዮቹ ሳምንታት ዋና ጎዳናዎችን በሚያድሰው የኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ሰፊ ሰፈር ፈረሰ፣ ነዋሪውም ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛወረ። ለቅርስነት በቆሙት ጥቂት ቤቶች ላይ ጠጋኙ የድሮውን ክርክር እንደገና ይገጥመዋል። የኖራና የጭቃ ግድግዳ በኖራና በጭቃ ካልተጠገነ አይጸናም፤ ለዚያ ደግሞ ጭቃ አቡክቶ የሚጠብቅ ባለሙያና የሚታገሥ ውል ያስፈልጋል። ሲሚንቶ በሁለት ቀን ያልቃል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ይገነጠላል። በአዲሶቹ ሕንፃዎች ላይ ያለው ሲሊኮንም የራሱ ዕድሜ አለው፤ በደህና ከተሠራ ወደ ሃያ ዓመት ይጠጋል። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. የተገጠሙት የመስታወት ፊቶች የመጀመሪያ ሙሉ እድሳታቸው በ2030ዎቹ አጋማሽ ይደርሳል። ያኔ ሥራው በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ከየመስታወቱ ዙሪያ አሮጌውን ቆርጦ አውጥቶ፣ አዲስ መሙላት ነው፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ በየሕንፃው የጥገና ሒሳብ ውስጥ መቀመጥ የሚጀምረው ግን ዛሬ ነው።